ምዕራፍ 7፦ ከመቅሠፍት የተረፉት የት ይገናኙ?

የዞምቢ ፊልም ያየ ሰው የታሪኩን አካሄድ አስቀድሞ ያውቀዋል። በሽታው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይነሣል፤ የተነከሰው ብዙም ሳይቆይ ራሱ ነካሽ ይሆናል፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ስልኩ ይቋረጣል፣ ቤተሰብ ይበታተናል። አሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን መልክ ለሲኒማ ካበጀለት ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፊልሞች በዚያው መንገድ ሄደዋል። የተመልካቹን ልብ ሰቅለው የሚይዙት ግን እየተንገዳገዱ የሚመጡት ሙታን ሳይሆኑ ተለያይተው የቀሩት ሕያዋን ናቸው። እናት በአንድ ሰፈር፣ ልጅ በሌላ ሰፈር ተዘግቶበታል፤ ተመልካቹም ‹‹ምነው በተገናኙ!›› እያለ ይቀመጣል። ይህ ምዕራፍ ያንን ምኞት ቆም ብሎ ይመረምረዋል። በንክሻ የሚተላለፍ መቅሠፍት ከገባ በኋላ የተረፉት መገናኘታቸው ያድናቸዋል ወይስ ያጠፋቸዋል? ጥያቄው የፊልም ጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝቡን ለአደጋ ጊዜ ዝግጅት ለማስተማር ዞምቢን ምሳሌ አድርጎት ነበር። ለእኛ ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎባና ከሮቤ በላይ፣ በባሌ ተራሮች ላይ፣ ጥያቄው በእውነተኛ ነካሽ በሽታና በእውነተኛ ቤተሰቦች ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተፈትኗል። ቤተሰቦቹ የቀይ ቀበሮ መንጋዎች ናቸው፤ በሽታው ደግሞ ሁላችንም በስም የምናውቀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

የዞምቢን ተረት ከሁሉ በላይ የሚመስል በሽታ ቢፈለግ ከዚህ የሚቀርብ አይገኝም። ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ በደም አይዘዋወርም፤ በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ይህ ጉዞ በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የተነከሰው ሰው ጤነኛ ይመስላል፤ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ቫይረሱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። በአንድ በኩል ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል፤ በሌላ በኩል የያዘውን እንስሳ ጠባይ ይለውጣል። ዓይን አፋር የነበረው ደፋር ይሆናል፣ ለማዳው ይናከሳል፣ ከሰፈሩ የማይርቀው ያለ ዓላማ አገር ያቋርጣል፤ ጉሮሮው ስለሚኮማተር ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ማለትም በሽታው መተላለፊያውን በአፍ ካከማቸ በኋላ አፉን ወደ ሌሎች ይሰደዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ አፍሪካና እስያ ውስጥ ናቸው፤ ከመቶ 99ኙን ያህል ያስያዛቸው ውሻ ነው። ከዞምቢው የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር ክትባት ያለው መሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመቱን ዦሴፍ ማይስተር በክትባት ካዳነ ወዲህ የዚህ በሽታ ታሪክ የመድኃኒት እጦት ታሪክ መሆኑ ቀርቷል። አሁን ችግሩ ያለውን ክትባት ለማን፣ የትና መቼ መስጠት ይገባል የሚለው ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በውሻ ዘር ካሉት አራዊት ሁሉ ቁጥራቸው እጅግ ካነሰው አንዱ እርሱ ነው፤ ጎልማሶቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም የሚኖሩት ባሌ ነው። የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎ ደጋዎችና በአርሲ ተራሮች ላይ በትንንሽ ስብስብ ተበታትነዋል። የሚኖርበት ስፍራ ከእርሻ በላይ ያለው ውርጭ ነው፤ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት፣ ዛፍ የማይታይበት፣ ፍልፈልና አይጥ ግን መሬቱን እንደ ወንፊት የበሳበት አገር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀበሮዎቹ ግን በዚህ ስፋት ሁሉ እኩል አልተሰራጩም። ዋና ዋና መኖሪያዎቻቸው ሦስት ናቸው፤ ከዲንሾ በላይ ያለው የወይብ ሸለቆ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ሞረባዋ፣ ከዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ የቆመበት የሳነቴ አምባ። ሦስቱ ተለያይተው አልተቆራረጡም፤ ተገናኝተውም አንድ አልሆኑም። በመካከላቸው ቀበሮ የሚያልፍባቸው ጠባብ የመሬት አንገቶች አሉ። የዚህ ምዕራፍ ክርክር በሙሉ የሚያርፈው በእነዚህ አንገቶች ላይ ነው።

አንገቶቹ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ለመረዳት የቀበሮውን የቀን ውሎ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የሌላው ዓለም ተኩላ ትልቅ እንስሳ ለመጣል ተባብሮ ያድናል፤ ቀይ ቀበሮ ግን ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ ብቻውን ነው የሚያድነው። ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱ በየፊናው ጆሮውን አቁሞ፣ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ ጉድጓድ ሲጠብቅ ይውላል። ማታና ንጋት ላይ ግን መንጋው ይሰበሰባል። አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ፣ ይላላሳሉ፣ ጭራቸውን ይቆላሉ፤ ከዚያም ተከታትለው ድንበራቸውን ይዞራሉ፤ በየድንጋዩ እየሸኑ ምልክት ያደርጋሉ፣ ጎረቤት መንጋ ካጋጠማቸውም ጮኸው ያባርራሉ። ከመንጋው ሴቶች በአብዛኛው የምትወልደው የበላይዋ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ቡችሎቿን ይጠብቃሉ፣ ያጎርሳሉ። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ብዙዎቹ ለቀው ይወጣሉ፤ የእናትነት ቦታ የጎደለበት መንጋ እስኪያገኙም በድንበሮች መካከል ይንከራተታሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለቀይ ቀበሮ በትክክል ይሠራል፤ ብቻውን የቀረ ቀበሮ ግዛቱን ማስከበርም ቡችላ ማሳደግም አይሆንለትም። ነገር ግን ያው ድር ለቫይረሱ መንገድ ነው። የንጋቱ ሰላምታ በሽታውን ከአባል ወደ አባል ያደርሳል፤ የድንበሩ ጠብ ከመንጋ ወደ መንጋ ያሻግረዋል፤ የሴቷ ስደት ደግሞ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይወስደዋል። ቫይረሱ የሚጓዘው መንጋውን መንጋ ባደረጉት ነገሮች ሁሉ ላይ ነው።

የደረሰውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 ባለው ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ሲመታ፣ ተመራማሪዎች ይከታተሏቸው ከነበሩት መንጋዎች ከአራት ሦስቱ እጅ ጠፋ። በሽታው ሳነቴንም የወይብን ሸለቆም አዳረሰ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም መንጋዎቹን በስምና በግዛት እየለየ መከታተሉን ቀጠለ፤ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾችንም መከተብ ጀመረ። ቀበሮዎቹ ቀስ በቀስ አገገሙ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ግን በወይብ ሸለቆ የሞቱ ቀበሮዎች መገኘት ጀመሩ። የአንጎል ናሙና ተመርምሮ ያው በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱ እጅ ያህል ሞተው ተገኙ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ቀድሞ በስም ይታወቅ የነበረ መንጋ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀበሮ በቀር ባዶ ሆነ። በዞምቢ ፊልም ቋንቋ ይህ ከተማው ፈርሶ የተረፉት በየጣራው የቀሩበት ሰዓት ነው። ከአንገቱ ማዶ፣ በሞረባዋና በሳነቴ፣ ገና ያልተነኩ ዘመዶቻቸው አሉ። ታዲያ ምን ይደረግ?

ፈጥኖ የሚመጣው መልስ መለየት ነው። መንገዱን ዝጋ፤ ጤነኛው በጤነኛነቱ ይቆይ፤ የታመመው ወገን አልቆ በሽታው አብሮት ይጥፋ። መልሱ ከንቱ አይደለም፤ ኮሮና በገባበት በ2012 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ብዙው ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠው በዚሁ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳ የሒሳብ ሊቃውንት የዞምቢ ወረርሽኝን በቀመር ሲያጠኑ ግን ነጥሎ ማቆየት ብቻውን ጥፋቱን እንደሚያዘገይ እንጂ እንደማያስቀር ደረሱበት። የቀይ ቀበሮ ታሪክ ደግሞ ከቀመሩ የባሰ ነገር ያሳያል፤ መለየቱ ራሱ፣ ከቆየ፣ ይገድላል። በጎጃም የጮቄ ተራራና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ በሁለቱም ስፍራ የለም። እርሻው ከታች ወደ ላይ እየገፋ ተራራውን ከተራራ ሲነጥለው፣ በአንድ ጫፍ የቀሩት ጥቂት ቀበሮዎች አንድ መጥፎ ዘመን ሲመጣባቸው ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካቸው ዘመድ አልነበራቸውም። ትንሽ ስብስብ እርስ በርሱ ይወላለዳል፣ የዘር ስብጥሩ ይሳሳል፣ በአጋጣሚ ብቻ ሊጠፋም ይችላል። ወይብን ከሞረባዋ ለዘለዓለም ማጠር ማለት ባሌን ሌሎች ጮቄዎች ማድረግ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም መልስ ይገድላል፤ ቢገናኙ በሽታው ይጨርሳቸዋል፣ ቢለያዩ ብቸኝነቱ።

ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው መንገድ የሚገኘው አንገቱ ላይ የሚያልፈውን በሁለት ከፍሎ በማየት ነው። በዚያ ጠባብ መሬት ቀበሮም ያልፋል ቫይረስም ያልፋል። አጥር ሁለቱንም ያግዳል፤ ክፍት መንገድ ሁለቱንም ያሳልፋል። የተከተበ ቀበሮ ግን ቀበሮውን ያሳልፍና ቫይረሱን ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻና በ2004 መጀመሪያ በመንግሥት ፈቃድ የተደረገው ይህ ነው። ባለሙያዎቹ በሽታው ወደ ገባበት ሸለቆ መሃል አልሄዱም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ባሉት መንጋዎችና በመተላለፊያው አካባቢ ያሉ ቀበሮዎችን እያጠመዱ፣ ደም እየወሰዱና እየከተቡ ለቀቁ። የተከተቡት በጠቅላላው 69 ነበሩ። በሽታው ሳነቴን ሳያዳርስ ቆመ። በዚህ ልምድና በቀደሙት ወረርሽኞች መረጃ ላይ ተመሥርቶ ዳንኤል ሃይደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ‹‹ኔቸር›› በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት የክትባትን የቆየ ሕግ አሻሻለ። የቆየው ሕግ ወረርሽኝን ለማስቆም አብዛኛውን መንጋ መከተብ የግድ ነው ይላል። እነርሱ ግን ዓላማው እያንዳንዷን ሕመም ማስቀረት ሳይሆን ሁሉንም ጠራርጎ የሚወስደውን ትልቁን ጥፋት ማስቀረት ከሆነ፣ በመተላለፊያዎቹ ላይ ያሉትን ጥቂቶች መከተብ እንደሚበቃ አሳዩ። ከመላው ተራራ ቀበሮ ሁሉ ማሳደድ አያስፈልግም፤ በር ላይ የቆሙትን ማወቅ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያቆመን ይገባል። አንድ ወረርሽኝ አንድ ጊዜ ቆመ ማለት ክትባቱ አቆመው ማለት ነውን? ምናልባት በራሱ ጊዜ ይቆም ነበር። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ ባሌ ቤተ ሙከራ አይደለችምና ሌላ ወይብ ሸለቆ ወስዶ ሳይከትቡ የሚሆነውን ማየት አይቻልም። ሆኖም ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ የክትባቱን ወገን ያጠናክራሉ። የመጀመሪያው፣ ክትባት ባልነበረበት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ሸለቆውንም አምባውንም ማዳረሱ ነው። ሁለተኛው፣ የመተላለፉ ሂደት የሚታወቅ መሆኑ ነው፤ ቫይረሱ በአየር ወይም በውኃ ስለማይሄድ በአንገቱ ላይ የሚቀበለው አፍ ካጣ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለውም። ሦስተኛው፣ ጥናቱ በአንድ አጋጣሚ ላይ ሳይሆን በሺዎች በተደጋገመ የኮምፒውተር ስሌት ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ ስሌቱም የሚለው ‹‹ሁልጊዜ ይቆማል›› ሳይሆን ‹‹የትልቁ ጥፋት ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል›› ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጥቷል፤ በመካከሉም የውሻ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷል። ባሌ ግን ዛሬም የቀይ ቀበሮ ዋና ቤት ናት። ይህ ክትባቱ ብቻ ያመጣው ነው አይባልም፤ የጥፋቱ ወሰን መጥበቡ ግን ከአሠራሩ ጋር ይስማማል።

ስልቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም። በመተላለፊያው ላይ መከተብ ማለት በሽታው ቀድሞ የገባበትን ሸለቆ ለበሽታው መተው ማለት ነው። የተነከሰ ቀበሮ ቫይረሱ ነርቩን ይዞ ከወጣ በኋላ ክትባት አያተርፈውም፤ ስለዚህ ያለውን ጉልበትና መድኃኒት ወደ ጤነኞቹ ማዞር ስሌቱ የሚያዘው ነው፤ ሆኖም የሚተዉት በግዛታቸውና በየልማዳቸው የሚታወቁ መንጋዎች ናቸው። በፊልም ውስጥ ድልድዩን የሚዘጋው ወታደር ክፉ ሰው ሆኖ የሚሳለው ለዚህ ነው። በባሌ ግን በዚህ ውሳኔና በወታደሩ ውሳኔ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ወታደሩ ጤነኛውንም በሽተኛውንም አንድ ላይ ይዘጋባቸዋል፤ ክትባቱ ግን ከሸለቆው በሕይወት የወጣውን አይከለክልም። ከጥፋቱ የተረፈች ሴት ቀበሮ ማዶ ተሻግራ መንጋ ብትፈልግ መንገዱ ክፍት ነው። የሚቀበሏት ዘመዶች የተከተቡ በመሆናቸው እርሷን መቀበል ሞትን መቀበል አይሆንባቸውም። እንዲህ ባለ መቅሠፍት ጊዜ የተረፉትን ማገናኘት የሚቻለው ከሁለት አንዱ ወገን አስቀድሞ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

የመገናኘቱ ነገር ደግሞ ትርፍ ምኞት አይደለም። ከወረርሽኝ በኋላ መሬቱም ፍልፈሉም እንዳለ ስለሚቆይ፣ የቀሩት ቀበሮዎች ጠግበው በፍጥነት የሚረቡ ይመስላል። የረጅም ዓመታት ክትትሉ የሚያሳየው ግን ማገገሙ መጀመሪያ ላይ እንደሚዘገይና በኋላ እንደሚፈጥን ነው። ምክንያቱ የምግብ ሳይሆን የማኅበር ነው። በአንድ መንጋ ሁለት ወንድሞች ብቻ ቢተርፉ ምግብ ሞልቷቸው ዘር አይኖራቸውም፤ በሌላው እናት ብቻዋን ብትተርፍ የምትወልዳቸውን የሚጠብቅላት አጋዥ የለም። የሚወልድ መንጋ ቁጥር እስኪያንሠራራ ድረስ የቀበሮ ቁጥር አያንሠራራም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች እግሩ በጥይት ተሰብሮ የተገኘውና ተረፈ ተብሎ የተጠራው ወንድ ቀበሮ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከሰባት ሳምንት በላይ በመጠለያ ታክሞ ሲለቀቅ፣ የተንከባካቢዎቹ ጥያቄ እግሩ ይድን ይሆን ወይ በሚለው አላበቃም፤ ተመልሶ ከወገኖቹ ጋር ይኖር ይሆን ወይ የሚለውም ነበረበት። ለዚህም ሲባል እንቅስቃሴውን የሚያስተላልፍ የአንገት መሣሪያ ታስሮለት ተለቀቀ። ለማኅበራዊ እንስሳ መዳን ማለት መተንፈስ ብቻ አይደለም፤ በማኅበር ውስጥ ቦታ ማግኘትም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። በሽታው የሚመጣው ከውሻ ከሆነ ቀበሮ ለምን ይከተባል? ውሻውን መጨረስ ወይም መከተብ አይቀልም? መጨረስ የሚለው በየከተማው ሲሞከር የኖረ ነው፤ በብዙ አገሮች የተገኘው ልምድ ግን በሽታውን እንደማያስቆም ያሳያል። የተገደለው ውሻ ቦታ ከሌላ ሰፈር በመጣ ወይም በአዲስ በተወለደ ውሻ በወራት ውስጥ ይሞላል፤ ከሚገደሉት መካከልም የተከተቡት ይገኛሉ። በዚያ ላይ በባሌ ደጋ ውሻ ቅንጦት አይደለም። በግና ፍየሉን ከጅብ የሚጠብቅ የቤተሰብ አባል ነው። መከተቡ ግን ትክክል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ እንደሚያጣ ይመክራል። ችግሩ የባሌ ውሻ የባሌ ብቻ አለመሆኑ ነው። በባሌ ጎዳንቱ የሚባለው የከብት እንቅስቃሴ ወቅት እየጠበቀ ከብቱን ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ያንቀሳቅሳል፤ ከብቱ በሄደበት እረኛው፣ እረኛው በሄደበት ውሻው አለ። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው የዚያራ ጉዞና ሳምንታዊው ገበያም እንዲሁ ሰውንና ውሻን ያንቀሳቅሳሉ። ወይብ ወንዝ ከቀበሮዎቹ ሸለቆ ተነሥቶ ዲንሾን አልፎ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ወደ ጊኒር አቅጣጫ ይወርዳል፤ ሰውና ከብትም በዚያው አቅጣጫ ይወጣል ይወርዳል። ቀይ ቀበሮ የማይኖርባት ጊኒር በቀበሮው ዕጣ ላይ ድርሻ የምታገኘው በዚህ ነው። በጊኒር ዙሪያ ሳይከተብ የቀረ ውሻ ከወራት በኋላ ሳነቴ ላይ ሊገኝ ይችላል። የውሻ ዕድሜ አጭር ስለሆነም ዘንድሮ የተደረሰው ሽፋን በቀጣዮቹ ዓመታት በአዳዲስ ቡችሎች ይሸረሸራል። ስለዚህ የውሻ ክትባት በየዓመቱ የሚታደስ የፊት መከላከያ ነው፤ የቀበሮው ክትባት ግን ያ ሲሾልክ የሚጠብቅ የኋላ መከላከያ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ሰው በእብድ ውሻ እየሞተ ባለበት አገር ለቀበሮ መድኃኒት ማዋል ምን ፍርድ ነው? ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ የቆየ መቅሠፍት ነው፤ ለረጅም ዘመንም የተነከሰ ሰው የሚሰጠው ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅና ለተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። ዛሬም በገጠር ብዙ ሰው ከተነከሰ በኋላ የሚሮጠው መጀመሪያ ወደ ባህል ሐኪም ነው፤ ጤና ጣቢያ ሲደርስም ክትባቱ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው የሚያስበው ፉክክር በተግባር የለም። ቀበሮውን የሚገድለው ሰንሰለት ሕፃኑንም ከብቱንም የሚገድለው ያው ሰንሰለት ነው፤ ውሻው ይነከሳል፣ ውሻው ይነክሳል። በፓርኩ ዙሪያ ለቀበሮ ተብሎ የተከተበ እያንዳንዱ ውሻ ለባለቤቱም ለልጆቹም የተከተበ ነው። በመተላለፊያ ላይ የሚሰጠው የቀበሮ ክትባት ደግሞ በደርዘኖች የሚቆጠር እንጂ የሕዝብን ድርሻ የሚሻማ አይደለም። እንዲያውም ከባሌ የተገኘው ትምህርት ለሰው የሚበጅ ነው፤ መድኃኒት ሲያንስ መንገዱን ማወቅ ግማሽ መድኃኒት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰውም መንገዱ የሚቆረጥበት ሰዓት አለ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ቢያጥብና ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቢከተብ፣ ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ይያዛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በቀጥታ የሚሠራ የሕክምና ምክር ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳቸው ከተፈጥሮ ወዳጆች ነው፤ የዱር አውሬ ዱር ስለሆነ አይነካ ይላሉ። ይህ ሥጋት መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሬንጌቲ የዱር ውሾች ሲጠፉ መያዛቸውና መከተባቸው ያመጣባቸው ጭንቀት ይሆናል የሚል ክርክር ተነሥቶ የአፍሪካን የዱር እንስሳት ክትባት ለዓመታት አስፈርቶ ነበር። በባሌ የተከተቡት ቀበሮዎች ሁኔታ ያንን ፍርሃት አልደገፈውም፤ ሆኖም ማጥመዱን ማስቀረት ከተቻለ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአፍ የሚሰጥ ክትባት መሞከሩም ለዚህ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይቀበራል፤ ሠራተኞቹም በፈረስ ሆነው መንጋው በሚያድርበት አቅራቢያ በሌሊት ይጥሉታል። ቀበሮው ሥጋውን ሳያኝክ ቢውጠው ክትባቱ ከንቱ ይሆናል፤ ጥርሱ ከረጢቱን በስቶ ፈሳሹ የአፉን ልባስ ማራስ አለበት። ለዚህ ሲባል የሥጋው ዓይነትም የሚጣልበት ሰዓትም በሙከራ ተለይቷል። ከሙከራው በኋላ የመጀመሪያው ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ነው። አይነካ የሚለው መርህ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ ቀበሮውን ከታች በእርሻ፣ ከጎን በከብት፣ በአፍም በውሻ ቀድመን የነካነው እኛ ነን። ከዚህ በኋላ እጅን መሰብሰብ ገለልተኛ መሆን አይደለም።

እንግዲህ የዞምቢው ፊልም ያሳደረብንን ምኞት እንዴት እናርመው? የተረፉት መገናኘት አለባቸው፤ ይህ ትክክል ነው፣ ተነጥሎ የቀረ ማኅበር በጮቄና በጎሽ ሜዳ መንገድ ይሄዳልና። ግን በማንኛውም ጊዜና በማንኛውም በር አይደለም። ፊልሙ ሁለት ምርጫ ብቻ ያቀርባል፤ ወይ በሩን ከፍቶ መተቃቀፍ፣ ወይ በሩን ቆልፎ ማልቀስ። የባሌ ልምድ ሦስተኛውን አክሎበታል፤ በሩ ላይ የሚቆመውን ጠብቆ በሩን ክፍት መተው። ይህን ለማድረግ ከወረርሽኙ በፊት ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ የት እንደሚገናኝና በሽታው ከየት እንደሚመጣ። መንጋዎቹን ዓመት ከዓመት እየተከታተሉ መመዝገብ፣ ሬሳ ሲገኝ ወዲያው ናሙና መላክ፣ በጊኒርም በሮቤም በዲንሾም ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ፊልም አይሠራበትም። በመቅሠፍቱ ቀን ግን የተለያዩትን ማገናኘት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ከዓመታት በፊት የተሠራው ይኸው አሰልቺ ሥራ ነው።